«አንድምታው አንድና አንድ ብቻ ነው» ማለት ይቻላልን?

ዘዲማ (ቢቸና)፦
ትናንት ማታ በአንድ የራዲዮ ጣቢያ የገጠር መሬት ኪራይን ስለሚመለከት መመሪያ ውይይት ሲደረግ፣ ከተጋበዙት ባለሙያዎች አንዱ «የዚህ አንቀጽ አንድምታ አንድና አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ ትርጓሜ አይቀበልም» ብለው ሲደመድሙ ሰማሁ። አዘጋጁም ቃሉን ሳይጠራጠር ተቀብሎ እስከ ዝግጅቱ ፍጻሜ ደጋገመው። መመሪያው ትክክል ይሁን አይሁን የሚያውቁት ይከራከሩበት። እኔን ያንገበገበኝ በልጅነቴ በዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ደጅ ስሰማው ያደግሁት፣ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን የጨረሱበት ቃል እንዲህ ተገልብጦ መነገሩ ነው።

አንድምታ የቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ ነው፤ አንድምታ የተባለውም አንድ ብቻ ስላልሆነ ነው። ተማሪው የግእዙን ኀይለ ቃል ያነባል፤ መምህሩ አስቀድሞ ነጠላውን ይፈታል፤ ቀጥሎ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ፍቺ ያመጣል፤ ታሪክ ካለው ታሪኩን፣ ጥያቄ የሚያስነሣ ከሆነም ሐተታውን ያክላል፤ ደግሞም «አንድም» ይላል። ለአንዲት የግእዝ መስመር ግማሽ ገጽ አማርኛ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ ሳምራዊው ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ የሰጠውን ሁለት ዲናር ብሉይና ሐዲስ ብለው የተረጎሙ የጥንት አበው አሉ፤ ፍቅረ እግዚአብሔርና ፍቅረ ቢጽ (ባልንጀራን መውደድ) ብለው የተረጎሙም አሉ። አንደኛው ፍቺ ሁለተኛውን አይሽረውም፤ በጉባኤ፣ ማለት በመምህሩ ማስተማሪያ፣ የዋለ ተማሪ እንዲህ ያሉትን ፍቺዎች ጎን ለጎን በቃሉ ይይዛቸዋል። እንግዲህ «አንድና አንድ ብቻ» የሚሉት ባለሙያ ሊሉት የፈለጉትን ለማለት ከአማርኛ ቃል ሁሉ መርጠው ይህን ማንሣታቸው ምን ይባላል?

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦
እኔ በዜና ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝና ቅሬታዎ እኔንም ይነካኛል። «የዋጋ ንረቱ ማኅበራዊ አንድምታ»፣ «የውሳኔው ፖለቲካዊ አንድምታ» እያልን በየቀኑ እንጽፋለን፤ አንባቢውም ምን ማለታችን እንደሆነ ሳይቸገር ይረዳናል። አንድ ነገር በላዩ ከሚታየው አልፎ በውስጡ የያዘውንና ወደፊት ሊያመጣ የሚችለውን ለመግለጽ ይህን የሚያህል ቃል አላገኘንም። ውጤት እንዳንል ውጤት የሆነና የተፈጸመ ነገር ነው። መዘዝ፣ ጦስ፣ ዳፋ እንዳንል ሦስቱም ክፉ ክፉውን ብቻ የሚናገሩ ናቸው፤ የትምህርት ቤት መከፈት ጦስ አይባልም። ፋይዳ እንዳንል እርሱ ደግሞ በጎ በጎውን ብቻ ያያል። ስለዚህ አንድምታን የወሰድነው የሊቃውንቱን ሥራ ስለናቅን ሳይሆን ቋንቋችን በዚያ ቦታ ሌላ ቃል ስላልሰጠን ነው።

ደግሞም ቃሉን ከቤተ ክርስቲያን የነጠቅነው አድርገው ማቅረብዎ ልክ አይመስለኝም። የትርጓሜ መጻሕፍቱ በታተሙበት ጊዜ በርእሳቸው ላይ የተቀመጠው «ንባቡ ከነትርጓሜው» ወይም «ንባቡና ትርጓሜው» የሚል ነው። ሊቃውንቱ ራሳቸው ለሥራቸው የመረጡት ስም ትርጓሜ ነው ማለት ነው። አንድምታ የሚለውን ያወጣው በጉባኤው ውስጥ ያንን «አንድም፣ አንድም» የሚለውን ድምፅ ደጋግሞ የሰማ ሰው ነው። ሰሚ ያወጣው ስም ከሆነ ደግሞ የዛሬው ሰሚ በሌላ ቦታ እንዳይጠቀምበት የሚከለክለው ምንድን ነው?

ዘዲማ (ቢቸና)፦
በርእሱ ላይ የጻፉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ የሚከተለው እርስዎ ያሉት አይደለም። ስሙን ያወጣው ሰሚ ይሁን መምህር፣ የሰየመው የሚሰማውን ነገር ነው። እሺ ማለት እሺታ ይባላል፤ አዎን ማለት አዎንታ ይባላል፤ ይሁን ማለት ይሁንታ ይባላል። አንድም ማለትም አንድምታ ይባላል። እነዚህ ሁሉ ከአንደበት በወጣ ቃል ላይ «ታ» ተጨምሮባቸው የተገኙ ስሞች ናቸው፤ ቃሉ ካልተባለ ስሙ አይኖርም። «አንድም» ባልተባለበት ቦታ አንድምታ አለ ማለት፣ ማንም እሺ ሳይል እሺታ ተገኘ እንደ ማለት ነው። የራዲዮው እንግዳ «አንድም» ለማለት አልፈቀዱም፤ እንዲያውም ማንም እንዳይል በሩን ዘጉ።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦
ይሁንታን በማምጣትዎ አመሰግናለሁ፤ ምክንያቱም ለእኔ ወገን የሚመሰክር ቃል ነው። ዛሬ «ረቂቁ የምክር ቤቱን ይሁንታ አገኘ» ስንል ከአባላቱ አንዱም አፉን ከፍቶ «ይሁን» አላለም፤ እጅ አውጥተው ነው የወሰኑት። ቃሉ ከአንደበት ተነሥቶ ወደ ሥርዓት ተሻገረ፤ ማንም ግን «ይሁን ያልተባለበት ይሁንታ» ብሎ አልተቃወመም። እንዲሁ አንድምታም ከጉባኤው ተነሥቶ ከነገሩ ውስጥ የሚገኘውን ሁለተኛ ነገር ሁሉ ወደ መሰየም ተሻግሯል። የቃሉን ሥር ማወቅ መልካም ነው፤ ሥሩን የማያውቅ ሰው ግንዱን እንዳይነካ መከልከል ግን አይቻልም።

ዘዲማ (ቢቸና)፦
ይሁንታ ከአንደበት ወደ እጅ ቢሻገር እንኳ መቀበልን ከመናገር አልወጣም። ምክር ቤቱ ረቂቁን ውድቅ ባደረገ ጊዜ «ይሁንታው እምቢ ነው» ብለው ይጽፋሉን? አይጽፉም። «አንድምታው አንድና አንድ ብቻ ነው» ያሉት ግን ያደረጉት ይህንኑ ነው። እኔ የቃሉን መሻገር አልተቃወምሁም፤ የተቃወምሁት ቃሉ በራሱ ላይ እንዲመሰክር መደረጉን ነው።

ጠበቃው (ደብረ ማርቆስ)፦
በሕግ ሙያ ውስጥ ያለሁ በመሆኔ ሁለታችሁም ያላያችሁት የመሰለኝን ልበል። እንግዳው የተናገሩት ስለ ሕግ ጽሑፍ ነው። በሕግ ጽሑፍ ላይ ደግሞ ሥራው መተርጎም ይባላል፤ የሚገኘውም ትርጉም ይባላል። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 62 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን እንዳለው ሲደነግግ፣ አንቀጽ 83ም በዚሁ ላይ ሲናገር፣ አንድምታ የሚል ቃል አልገባበትም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች ተሰይሞ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም አስገዳጅ እንዲሆን በአዋጅ ቁጥር 454/1997 (በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 በተተካው) ሲወሰን፣ ዓላማው በዚህ ከተማ ያለ ዳኛና በሌላ ከተማ ያለ ዳኛ አንዱን ድንጋጌ በሁለት መንገድ እንዳይፈቱት ነው። ሕግ ሲተረጎም «አንድም» አይባልም። ባለጉዳዩ ቤቱን ወይ ይወስዳል ወይ ያጣል፤ ሁለቱን ፍቺ ጎን ለጎን በቃሉ ይዞ ሊመለስ አይችልም።

ስለዚህ የእንግዳው ሐሳብ ትክክል ነበር፤ ቃል ሲመርጡ ተሳሳቱ። «የአንቀጹ ትርጉም አንድ ብቻ ነው» ቢሉ ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር ባልተነሣ ነበር።

ወልደ ጎንጅ (አዴት)፦
«ሕግ ሲተረጎም አንድም አይባልም» ያልኸውን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ወንድሜ፣ ይህን ከሕግ ሰው መስማት ያሳዝናል። ከጠቀስኸው አዋጅ ውስጥ፣ አስገዳጅነቱን ከሚደነግገው ቃል ጋር፣ ሰበር ሰሚ ችሎቱ በሌላ ጊዜ የተለየ የሕግ ትርጉም ሊሰጥ እንደሚችል ተጽፎ ነበር። ይህ አንድም ካልሆነ ምንድን ነው? በፍርድ ቤት ውሳኔ ግርጌ ላይ በሐሳብ የተለዩ ዳኛ ስማቸውን ጠቅሰው ምክንያታቸውን የሚያሰፍሩት ለምንድን ነው? የተሸነፈው ፍቺ ከመዝገቡ እንዳይፋቅ ተብሎ አይደለምን?

በ2012 ምርጫው በወረርሽኙ ምክንያት ሊካሄድ አልቻለም በተባለ ጊዜ የሆነውን ሁላችንም በቴሌቪዥን ተመልክተናል። ምክር ቤት መበተን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ሕገ መንግሥት ማሻሻልና የሕገ መንግሥት ትርጉም የሚሉ አራት አማራጮች ቀረቡ፤ ትርጉም የሚለው ተመረጠ፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባዔም በግንቦት ባለሙያዎችን እየጠራ አስተያየታቸውን አደመጠ። አንቀጽ 54ን፣ 58ንና 93ን እያገናኙ የተናገሩት ሁሉ አንድ ነገር አልተናገሩም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሰኔ 3 ውሳኔውን እስኪሰጥ ድረስ አገር ምድሩ «አንድም» ሲል ነው የከረመው።

ጠበቃው (ደብረ ማርቆስ)፦
የጠቀስኸው እውነት ነው፤ ነገር ግን የሥራውን ሂደትና የሥራውን ፍጻሜ አቀላቀልህ። ባለሙያዎቹ የተለያየ ተናገሩ፤ በመጨረሻ ግን ውሳኔው አንድ ሆነ፤ አስገዳጁም እርሱ ብቻ ነው። በአንድምታ መጽሐፍ ግን የመጨረሻ የሚባል ውሳኔ የለም፤ አምስቱም ፍቺ እንደ ተደረደሩ ይኖራሉ። ችሎቱ በሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም ቢሰጥም የቀድሞው ይሻራል እንጂ ከአዲሱ ጎን አይቀመጥም። እኔ «አንድም አይባልም» ያልሁት ስለዚህ ነው፤ አሁንም እላለሁ።

የታች ቤት ልጅ (ጎንደር)፦
በአንድምታ መጽሐፍ የመጨረሻ ውሳኔ የለም የተባለው ትክክል አይደለም። ሁሉም ፍቺ እኩል አይደለም፤ መምህሩ የሚደግፈውንና የማይደግፈውን ለይቶ ይናገራል፤ ከሃይማኖት የሚወጣውን ፍቺ ደግሞ ጠቅሶ ይነቅፈዋል። በጎንደር «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» የተባሉት የትርጓሜ ወገኖች የተለያዩትም «የትኛው ይበልጣል» በሚል ጥያቄ ነው። መምህር ኤስድሮስ ያቀኑት የታች ቤት ትርጓሜ እስከ ዛሬ በጉባኤው የጸናው፣ የላይ ቤቱ ደግሞ የተዳከመው፣ ሰዎች መርጠው ስለያዙና ስለተዉ ነው። ስለዚህ አንድምታን ማንም የፈለገውን የሚጨምርበት ክፍት ሜዳ አድርጋችሁ አትሣሉት።

ከዚህም ጋር አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህ ክርክር ከመጀመሪያው የጎጃም ሰዎች ስለ ቃሉ ባለቤት ሆነው የሚናገሩበት ሆኗል። ከዜማው ትምህርት ድጓ ከቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ከዙር አምባ፣ ቅኔ ከጎጃም፣ ትርጓሜ ከጎንደር እንደሆነ የታወቀ ነው። ስለ ሰምና ወርቅ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ እሰማችሁ ነበር።

ወልደ ጎንጅ (አዴት)፦
ትርጓሜ በጎንደር መደራጀቱን የካደ የለም፤ ነገር ግን ወደዚያ ጉባኤ የሚገባው ተማሪ ከየት ይመጣ ነበር? ቅኔ ያልቆጠረ፣ የግእዙን አገባብ ያላወቀ፣ ባለቤቱን ከዘርፉ መለየት የማይችል ተማሪ ትርጓሜ ወደሚማርበት ወደ መጽሐፍ ቤት ቢገባ ምን ይዞ ይወጣል? በቅኔ ቤቶቹ በጎንጅና በዋሸራ ተምሮ፣ ሌሊት ቅኔ ሲቆጥር አድሮ፣ ጠዋት በመምህሩ ፊት ሲነገርና ሲታረም የኖረ ልጅ ነው ጎንደር ወርዶ ትርጓሜውን የሚቀጽለው። ጉባኤ ቃና በምትባለው ባለ ሁለት ቤት (ባለ ሁለት መስመር) ቅኔ ውስጥ ሰሙንና ወርቁን ለይቶ ማየት የለመደ ዐይን «አንድም» ሲባል አይደነግጥም። ዲማም ሆነ ደብረ ኤልያስ የመጽሐፍ መምህር አጥተው አያውቁም። ባለቤትነቱን ለመካፈል አልመጣሁም፤ እንግዶች አይደለንም ለማለት ነው።

የታች ቤት ልጅ (ጎንደር)፦
እንግዶች ናችሁ አላልሁም። ቅኔው ለትርጓሜው በር መሆኑንም እመሰክራለሁ። ነገር ግን ሰምና ወርቅ ሁለት ሲሆኑ አንዱ ሽፋን ነው፤ ወርቁ ሲገኝ ሰሙ ይቀልጣል። በአንድምታ የሚመጣው ሁለተኛ ፍቺ ግን የመጀመሪያውን አያቀልጠውም። ሁለቱን ጥበብ አንድ አድርጎ ማየት የቅኔ ቤት ልጆች ልማድ ነው፤ የራዲዮው እንግዳም የሳቱት በዚህ በኩል ይመስለኛል፤ ከቃላቱ በታች የተሸሸገ አንድ ወርቅ አለ፣ እርሱም አንድ ብቻ ነው ብለው አሰቡ።

ዘዲማ (ቢቸና)፦
ይህ የመጨረሻው አስተያየት ከጎንደር ስለመጣ አልጠላውም፤ እስካሁን ከተነገሩት ሁሉ ለነገሩ የቀረበው እርሱ ነው። እንግዳው የፈለጉት ቃል ወርቅ ነበር። ሆኖም ሰም ይቀልጣል የተባለውን ቅኔ ዐዋቂ ሁሉ አይቀበለውም፤ እርሱን ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

መምህርት (ፍኖተ ሰላም)፦
በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር የኖርሁ ነኝ። እስካሁን የተባለውን በጥሞና ተከታትያለሁ፤ ከአባታችን ከዘዲማ ጋር የማልስማማበትን በአክብሮት ልግለጽ።

ቃላት ከቅኔ ቤትና ከመጽሐፍ ቤት ወጥተው ወደ አደባባይ ሲሄዱ የመጀመሪያው አንድምታ አይደለም። ዘርፍ በግእዝ ሰዋስው ከባለቤት ጋር የሚናበበው ስም ነው፤ ወልደ ጎንጅም ከላይ የጠቀሰው በዚሁ ትርጉሙ ነው። ዛሬ «የጤናው ዘርፍ»፣ «የግብርናው ዘርፍ» ሲባል ግን የሥራ ክፍል ማለት ነው፤ ማንም ቅር አላለውም። አገባብ በቅኔ ቤት ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ ተብሎ የሚከፈል የሰዋስው ክፍል ነው፤ በአደባባይ ግን «አገባብ የለውም» ሲባል ሥርዓት የለውም ማለት ነው። ጉባኤ የመምህሩ ማስተማሪያ ነበረ፤ ዛሬ የባለአክሲዮኖችም ጉባኤ አለ።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ዘይቤ ነው። በመጽሐፍ ቤት ዘይቤ የሚባለው ከምስጢሩ በፊት የሚፈታው፣ ጸሐፊው በቀጥታ ያለው ቃል ነው፤ «ዘይቤ» ማለትም በግእዙ «ያለው» ማለት ነውና። እኔ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ዘይቤያዊ አነጋገር ግን ከቀጥተኛው ፍቺ የወጣው፣ ተለዋጩና ተነጻጻሪው ነው። ቃሉ ከቀጥተኛው ወደ ቀጥተኛ ያልሆነው ተገልብጧል፤ አባታችን «በራሱ ላይ መሰከረ» የሚሉት ዓይነት መገልበጥ ይህ ነው። ነገር ግን ዘይቤን ዛሬ ወደ ቀድሞው ቦታው እንመልስ ብንል በመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ ላይ ስለ ሰፈረው ምን እናድርግ? ዘይቤ ከነመገልበጡ ከተፈቀደለት አንድምታ ለብቻው የሚታሰርበት ምክንያት አልታየኝም።

ዘዲማ (ቢቸና)፦
እኅቴ መምህርት፣ ስለ ዘይቤ የጻፉት ከልቤ ገብቷል፤ እኔም ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሆኖም ልዩነት አለው። ዘይቤ ሲገለበጥ የቀድሞውን ሥራ የሚሠሩ ሌሎች ቃላት ነበሩን፤ ነጠላ ፍቺ እንላለን፣ ቀጥተኛ ትርጉም እንላለን፤ የጠፋብን ነገር የለም። አንድምታ ግን «ለዚህ ጽሑፍ ከአንድ በላይ ትክክለኛ ፍቺ አለው፤ ሁሉንም አክብረህ ያዝ» የሚለውን ሐሳብ ለብቻው የተሸከመ ቃል ነው። እርሱን ለዋጋ ንረትና ለመመሪያ ብናውለው በእርሱ ፈንታ ማንን እንጠራለን?

ይህን ስል ለመጽሐፍ ቤቱ ብቻ በመቆርቆር አይደለም። በቢቸናም በደጀንም ሰዎች ማስታወቂያ ቦርድ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ከበው ሲያነቡ አያለሁ። ፊደል የቆጠረው ልጅ ያነባል፤ አንደኛው ሽማግሌ «እንዲህ ማለቱ ነው» ይላሉ፤ ሌላኛው «አይ፣ እንዲህ ማለቱም ይሆናል» ይላሉ። ይህ ሁለተኛው ድምፅ «አንድም» ነው፤ በጉባኤው የተማሩት ባይሆንም ከእናት አባቶቻቸው ወርሰውታል። በራዲዮ የሚናገር የተማረ ሰው በዚያው ቃል «አንድና አንድ ብቻ ነው» ሲል ሁለተኛው ሽማግሌ አፋቸውን ይይዛሉ።

ከሞጣ፦
ክርክሩ ሳይጀመር ሊጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ ልጠይቅ። እኔ በየጋዜጣው የማየው «እንድምታ» የሚል ነው፤ በ«እ» ይጀምራል። ምናልባት የምትከራከሩባቸው ሁለት የተለያዩ ቃላት ይሆናሉ፤ በ«አ» የሚጀምረው የመጽሐፍ ቤቱ፣ በ«እ» የሚጀምረው ደግሞ «እንደምን» ከሚለው የመጣ፣ ነገሩ እንደምን እንደሚሆን የሚናገር ሌላ ቃል። እንዲህ ከሆነ አባታችንም ጋዜጠኛውም ትክክል ናቸው፤ የተጣሉትም በማይገናኝ ነገር ነው።

መምህርት (ፍኖተ ሰላም)፦
ሐሳቡ ለዕርቅ የሚመች ስለሆነ ብቻ እውነት ሊሆን አይችልም። ከ«እንደምን» ቢመጣ ኖሮ «ን»ን ማን በላው? «እንደምንታ» ነበር የሚባለው። አባታችን ከላይ እንዳሉት «ታ» የሚቀጠለው በሚነገር ቃል ላይ ነው፤ «አንድም» ተብሎ ይነገራል፣ «እንድም» ተብሎ የሚነገር ቃል ግን የለም። «እንድምታ» የሚለው ፈጥኖ ሲነገር «አ» ወደ «እ» ዝቅ ስላለ የመጣ አጻጻፍ ነው የሚል እምነት አለኝ። ተማሪዎቼ ሲጽፉት በቀይ አርማለሁ፤ ወደፊትም አርማለሁ።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦
መምህርት፣ ይህ ከቀደመው ንግግርዎ ጋር እንዴት ይታረቃል? ትርጉሙ ሲለወጥ ተጠቃሚው ፈቅዷልና ይለፍ አሉ፤ ድምፁ ሲለወጥ ግን በቀይ ያርማሉ። እንድምታ ብሎ የሚጽፈው ሰውም ተጠቃሚ ነው፤ ቁጥሩም ጥቂት አይደለም። እንዲያውም ብዙኃኑ በ«እ» መጻፋቸው ከመጽሐፍ ቤቱ ቃል ሳያውቁት እየተለዩ መሄዳቸውን ያሳያል። ከሞጣ የጻፈው ወንድማችን ሥሩን ቢሳሳትም አካሄዱን አልተሳሳተም።

መምህርት (ፍኖተ ሰላም)፦
የትርጉም መስፋፋትና የፊደል ግድፈት አንድ አይደሉም። ዘርፍ ትርጉሙ ሲሰፋ ፊደሉ አልተለወጠም፤ ስለዚህ ዛሬም ልጁ ቅኔ ቤት ቢገባ ያውቀዋል። ፊደሉ ከተለወጠ ግን የሚመለስበት መንገድ ይጠፋል። አባታችን ከፈሩት ጥፋት የበለጠውን የማየው በዚህ ውስጥ ነው።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦
ወደ ዋናው ነገር ልመለስና የምቀበለውን ልናገር። «አንድምታው አንድና አንድ ብቻ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ከእንግዲህ በእኔ እጅ አያልፍም፤ ቢያልፍ እንኳ «ትርጉሙ» በሚል ይታረማል። «የዋጋ ንረቱ ማኅበራዊ አንድምታ» የሚለውን ግን አልተውም። የዋጋ ንረት ለነጋዴው አንድ ነገር፣ ለደመወዝተኛው ሌላ ነገር፣ እህሉን ለሚሸጠው ገበሬ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነውና እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ የሚጠራ ቃል አንድምታ ነው። ከመጽሐፍ ቤቱም ሐሳብ የራቅሁ አይመስለኝም።

ዘዲማ (ቢቸና)፦
ሦስቱን ዘርዝረው ከጻፉ አንድምታ ይበሉት፤ እኔም አልከራከርም። ነገር ግን በዜናዎቹ ላይ የማነበው «ከፍተኛ አንድምታ አለው» የሚል ነው፤ ከዚያ በኋላ ነጥብ ይደረጋል፤ ፍቺው የት አለ? ፍቺ ያልተደረደረበት አንድምታ፣ ተማሪ ያልመጣበት ጉባኤ ነው።

ጠበቃው (ደብረ ማርቆስ)፦
እናንተ በጋዜጣው ላይ ልትስማሙ ትችላላችሁ፤ ክርክሩ የተነሣው ግን በመመሪያ ነው፤ በእርሱ ላይ ማንም አልመለሰልኝም። በሕግ ጽሑፍ ውስጥ «በቅድሚያ ማሳወቅ አለበት» የሚል ቢገባና ከምን በፊት እንደሆነ ባይጻፍ፣ አንዱ ከመፈራረም በፊት ይላል፣ ሌላው ከመዝራት በፊት ይላል። በዚህ ጊዜ ገበሬው የሚያስፈልገው «አንድም» አይደለም። ቀን ተቆርጦ እንዲነገረው ነው የሚፈልገው፤ ቀኑ ካለፈበት ውሉ ሊፈርስበት ይችላልና።

ዘዲማ (ቢቸና)፦
ቀኑን የሚቆርጠው ማን ነው? ዳኛ ከሆነ ይቁረጥ፤ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ግራ ቀኙን ሰምቶ፣ ምክንያቱን ጽፎ። በራዲዮ የተናገሩት ግን ዳኛ አልነበሩም። ገበሬው ከመፈራረም በፊትም ከመዝራት በፊትም ሊሆን እንደሚችል ቢሰማ አስቀድሞ ሄዶ ያሳውቅና ከሁለቱም ይድን ነበር። አንዱን ብቻ ሰምቶ ከመዝራቴ በፊት ይበቃል ብሎ ተቀምጦ፣ ኋላ ዳኛው ከመፈራረም በፊት ነው ቢሉት፣ ያጣውን መሬት ማን ይመልስለታል?

ጠበቃው (ደብረ ማርቆስ)፦
ባለሙያው ዳኛ አልነበሩም የሚለውን እቀበላለሁ፤ አስተያየት እንጂ ውሳኔ ሊሰጡ አይችሉም ነበር። አስተያየት ሰጪ ሁሉ ያለውን አማራጭ ይዘርዝር የሚለውን ግን አልቀበልም። ደንበኛዬ ቢሮዬ መጥቶ ሲጠይቀኝ አምስት ፍቺ ደርድሬ ብመልሰው ሥራዬን አልሠራሁም። የትኛው እንደሚያመዝን ልነግረው ይገባኛል፤ ከጎንደር የጻፈው ወንድማችንም መምህራኑ የሚያመዝነውን ይለያሉ ብሏልና፣ እርሱ በዚህ ላይ ይመስክር።